ለሁሉም የሚሆን ደም

ቶዮሃሺ፣ ዲሴምበር 21

ለተከበሩ እትዬ ቶሺኤ፤

ቅዝቃዜው ዕለት ከዕለት እየበረታ ነውና እንደምን ሰነበቱ? የጎንዎ ቁስል እንዴት ሆነ? ባለቤትዎ ጋሽ ጌንሳኩስ ደህና ናቸው? እናንተ ዘንድ በረዶው መስኮት ደረሰ ሲባል በቴሌቪዥን ሰማሁ። ከሆስፒታሉ ወጥተው ወደ ቤትዎ ከተመለሱ ወዲህ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍራል። ስንቴ ብዕር እንዳነሣሁና ስንቴ መልሼ እንዳስቀመጥኩ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቅርጫት ፖም ለላከ ሰው የምስጋና ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ እናታችን አስተምራናለች። ኩላሊት ለሰጠ ሰው ምን እንደሚጻፍ ግን አላስተማረችንም።

«ኩላሊቴ ጠባይ አላት ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጠባይዋስ ከባለቤቷ ይሻላል። ሐኪሙ እንደሚለው ከገባችበት ሰዓት ጀምራ እንደ ገዛ ቤቷ እየሠራች ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከደም ማጠቢያው ማሽን ጋር ታስሬ፣ ደንበኞቼ የፀጉር ቤቴን በር እያንኳኩ ሲመለሱብኝ ኖሬ፣ አሁን ሽንት ቤት ስሄድ እንደ ሕፃን ደስ ይለኛል። ይህን ለታላቅ እህት መጻፍ ነውር ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

የደማችን ዓይነት መለያየቱ እንዳሳሰበዎት ለሐኪሙ ነገርኩት። እርስዎ ኦ፣ እኔ ኤ። «ኦ ለሁሉም ይሆናል፤ የሚያስቸግረው የተገላቢጦሹ ነው። እናንተ ከቀላሎቹ ናችሁ» አለኝ። አልፎ አልፎ ግን እንዲህ ባለው ንቅለ ተከላም ነገር ሊበላሽ ስለሚችል ሽንቴ ቢጠቁር ወይም ዓይኔ ቢጫ ቢሆን፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ እንድደውል አስጠንቅቆኛል። እሺ ብያለሁ።

በ24 ከሆስፒታል እወጣለሁ። ባለቤቴ ሪትሱኮ ታምሜ ለጠየቁኝ ሁሉ የመዳን ስጦታ ለመላክ ከወዲሁ ሽር ጉድ ትላለች። በሽታን ወደ አዲስ ዓመት ይዞ መሻገር ደግ ስላልሆነ ዓመቱ ሳይለወጥ መድረስ አለበት። በመንገዳችን ካሉት ባለሱቆች ያልጠየቀኝ የለም፤ ስለዚህ ሥራዋ ብዙ ነው።

ብርዱን ይጠንቀቁ።

ታናሽ ወንድምዎ
ሹጂ


ሂሮሳኪ አጠገብ፣ ዲሴምበር 30

ሹጂ፤

ከመቼ ወዲህ ነው እኔ «እርስዎ» የሆንኩት? ንፍጥህን እየጠረግኩ ያሳደግኩህ እህትህ ነኝ። ኩላሊት ሰጠሁህ እንጂ ሹመት አልተሰጠኝም።

ቁስሌ ደህና ነው። ጌንሳኩ መሰላል እንዳልነካ ስለከለከለኝ የፖም ዛፎቹን የሚከረክሙልን ጎረቤቶች ናቸው። እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ የማይቆረጠውን ቅርንጫፍ ሲቆርጡ አያለሁ። ከቁስሉ ይልቅ የሚያመኝ ይኸ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከትናንት በስቲያ ሣጥን ደረሰኝ። ነጭ ወረቀት፣ ቀይና ነጭ ክር፣ በሽታው እንዳይመለስ ተብሎ የሚታሰረው ያ የማይፈታ ቋጠሮ። ላዩ ላይ «ፈጽሞ ድኛለሁ፤ ስለተደረገልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ሹጂ» ይላል። ከፈትኩት። ስኳርና ሳሙና። ይሁን አልኩ። ከሰዓት በኋላ ያቺ ሐብሐብ የላከችልህ የአክስታችን ልጅ የደረሳትን ሣጥን ልታሳየኝ መጣች። ያው ስኳር፣ ያው ሳሙና፣ ያው ወረቀት። ጌንሳኩ ሁለቱን ሣጥን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያያቸው ቆየና «ወጉ የተቀበሉትን ግማሽ መመለስ አይደል? የሐብሐቡ ግማሽ ይህ ከሆነ የኩላሊቱም ግማሽ ይኸው ነው» አለ። ባሌ በዓመት አንዴ ነው የሚቀልደው፤ የዘንድሮውን በዚህ ጨረሰው።

ደሜ ፈላ። የዚያኑ ማታ ፍል ውኃው ውስጥ ለተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አወራሁት። «ያቺ ከተሜ ሚስቱ» አልኩ፤ ሌላም ሌላም አልኩ። አሁን ስጽፈው ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ።

ደማቸው ኤ የሆነ ሰዎች ጭንቀታም ናቸው ይባል የለ? አንተም ይህን አንብበህ ሌሊቱን ስትገላበጥ እንደምታድር አውቃለሁ። አትገላበጥ። እኔ ኦ ነኝ፣ ተናግሬ ይወጣልኛል። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት ነው? ፈጽመህ ድነሃል? እውነት ከሆነ ስኳሩን እበላዋለሁ፣ በሳሙናውም እታጠባለሁ፣ ሁለተኛ አላነሣውም።

ቶሺኤ


ቶዮሃሺ፣ ጃንዋሪ 2

ለተከበሩ እትዬ ቶሺኤ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረስዎ። ባለፈው ዓመት ስላደረጉልኝ ነገር ቃል የለኝም፤ በዚህም ዓመት ፊትዎን አይንሱኝ።

«አንቺ» ብዬ ለመጻፍ ሞክሬ ወረቀት ቀደድኩ። እጄ እምቢ አለኝ፤ ይለፉኝ።

ስለ ሣጥኑ ምን ልበል? ሪትሱኮ ደብዳቤዎን አንብባ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። የእርስዎን ስም ብትተወው «ለእህቱ ሳይልክ ቀረ» ይባላል ብላ ፈራች፤ ብታስገባው ደግሞ ይኸው። ለእርስዎ የሚመጥን ነገር ምን እንደሆነ ስላላወቅን ከሐብሐብ እኩል አደረግንዎት። የእሷ ጥፋት አይደለም። ስሟን በፍል ውኃው ያነሡት እንደሆነ፣ በእኔ ስም ያስተካክሉላት።

ትናንት በስልክ «ምነው ድምፅህ ደከመ?» ያሉኝ ብርድ ቢመታኝ ነው። ሪትሱኮ «ዓይኑ ቢጫ መሰለኝ» ብላ ለእርስዎ መንገሯም የአምፖሉ ነገር ነው፤ የመኝታ ቤታችን መብራት አሮጌ ነው። ለአዲስ ዓመት ጸሎት ወደ መቅደሱ ያልወጣሁት ሕዝቡ እንዳይጋፋኝ ብዬ ነው። ጠያቂው ግን ቤት ድረስ ይመጣል። ሁሉም ሣጥኑ ደርሶታልና «እንኳን ደስ ያለህ» ይለኛል፤ እኔም ተቀምጬ እጅ እነሣለሁ። መቆም ትንሽ ይከብደኛል፤ ብዙ ከመተኛት የመጣ ይሆናል።

ሆስፒታሉ ከበዓል ዕረፍት ሲመለስ፣ በ5፣ ቀጠሮ አለኝ።

ለጥያቄዎ መልስ፦ አዎ፣ ፈጽሞ ድኛለሁ። ስኳሩን ይብሉት።

ሹጂ


ሂሮሳኪ አጠገብ፣ ጃንዋሪ 11

ሹጂ ወንድሜ፤

ሪትሱኮ የደወለች ዕለት በስልክ ደህና አድርጌ ስለማልሰማ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። መጀመሪያ «ወደቀ» የሚለው ብቻ ነው የገባኝ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ፊት መውደቅህን፣ ደምህ ከግማሽ በታች ወርዶ መገኘቱን ጌንሳኩ ስልኩን ተቀብሎ ነው የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በየማታው ይደውላል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ፊቱን አያለሁ።

ሐኪሙ ያለውን ነገረችን። ኩላሊቱ ብቻውን አልሄደም። በውስጡ የእኔ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሳፍረው ሄደዋል። እዚያ ደርሰው የአንተን ደም ሲያዩት ባዕድ ሆነባቸው፤ የሚያፈርሰውን መርዝ እየሠሩ ደምህን ይሰባብሩት ጀመር። ከደምህ ፍርስራሽ የተነሣም ኩላሊቱ ራሱ ታመመ። እንዲህ ነው አይደል? ጌንሳኩን ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ እንዲህ ነው አለ።

ልጅ ሳለህ እመታህ ነበር። አድገህም በነገር እመታህ ነበር። አሁን ሆድህ ውስጥ ገብቼ እየመታሁህ ነው። ሰው አካሉን ሲሰጥ እንኳን እጁን መልቀቅ አይችልም? ያ ሁሉ ሰው «ኦ ለሁሉም ይሆናል» ሲለኝ ኮርቼ ነበር። በመንደሩ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሄጃለሁ፤ ይህንንም ልንገርህ።

ያን የስኳር ደብዳቤ የጻፍኩት ደምህ እየፈረሰ ሳለ ነው። ካገኘኸው ቅደደው። ሪትሱኮ እጅ ካለ ለምናትና ትቅደደው።

አንድ ነገር መልስልኝ፣ አትሸፋፍንብኝ። ሐኪሙ ጥፋቱ የምን ነው አለ? ቀደም ብሎ ቢታወቅ መከላከል ይቻል ነበር ወይ? ወይስ የእኔ ደም ያው መጨረሻው ይኸ ነበር? በዚህ ወር መጨረሻ መጥቼ አይሃለሁ።

እህትህ


ቶዮሃሺ፣ ጃንዋሪ 18

ለተከበሩ እትዬ ቶሺኤ፤

ስላስጨነቅኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተኝቼ ስለምጽፍ አጭር ነው።

አሁን የሚሰጡኝ የኦ ደም ነው። የእርስዎ ሕዋሳት እሱን ስለማይጠሉት ይቆይልኛል። ኩላሊቱ ስለደከመ ለጊዜው ወደ ማሽኑ መልሰውኛል። ሐኪሙ ተስፋ አልቆረጠም።

ስለ ጥፋት ለጠየቁት፦ ሐኪሙ ምንም አላለም። እንዲህ ያለው ነገር አንዳንዴ ይደርሳል፣ ከመቶ ሰው ለጥቂቱ፣ ብቻ ነው ያለው። እርስዎ በዚህ ብርድ ያን ሁሉ መንገድ ባይመጡ ይሻላል። እባክዎ አይምጡ።

ሹጂ


ሂሮሳኪ አጠገብ፣ ፌብሩዋሪ 2

ሹጂ፤

በደህና ገብቻለሁ። ባቡሩ ከሰንዳይ በኋላ በበረዶ ምክንያት ቆሞ ነበር እንጂ ሌላ ችግር አልገጠመኝም። ሪትሱኮ የሰጠችኝን ስንቅ እዚያው በላሁት። ሩዙን በደንብ ነው የምትጠቀልለው፤ ይህንን ንገራት።

ክፍልህ ስደርስ ተኝተህ ነበርና መተኛትህ ደስ አለኝ። ከሪትሱኮ ጋር አንድ ጉዳይ ነበረኝ፤ ጨርሼዋለሁ። ምን እንደሆነ አትጠይቃት፣ እኔም አልጽፈውም። እሷ ጥሩ ሴት ናት። ከዚህ በፊት ስለ እሷ ያልኩትን ሁሉ ፍል ውኃ ሄጄ አንድ በአንድ መልሼአለሁ። ሴቶቹን «ደሜ ነው ይህን ያመጣው፤ እነሱ ምንም አላጠፉም» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ስገባ ቦታ ይለቁልኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ማዘናቸው እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ቤቴ ነው የምታጠበው።

ስወጣ በሩ ላይ «እትዬ» ብለህ ጠርተኸኝ ዞር ብል «መንገዱን ተጠንቀቂ» አልከኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ተጠንቀቂ» ማለትህ ነው፣ «ይጠንቀቁ» አላልክም። ሌላ ነገር ልትል ኖሯል። ምን ነበር?

ቶሺኤ


ቶዮሃሺ፣ ፌብሩዋሪ 16

እትዬ፤

አልተኛሁም ነበር።

በዚህ የጀመርኩት ስለ አየሩና ስለ ጤናሽ መጻፍ ከጀመርኩ እዚህ እንደማልደርስ ስለማውቅ ነው። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። «ይህ የኔ ደም ያመጣው ጥፋት ነው፣ ይቅር በይኝ» ስትያት ሰማሁ። ዓይኔን በስሱ ገለጥ አድርጌ አየሁሽ። ካፖርትሽን እንኳ አላወለቅሽም። ግንባርሽ ወለሉ ላይ ነበር፤ አንድ እጅሽ ጎንሽን ይዟል። ቁስሉ አሁንም እንደሚያምሽ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሪትሱኮ «ኧረ ይነሡ፣ የማንም ጥፋት አይደለም» እያለች ታለቅሳለች። እኔ መልሼ ጨፈንኩ። ተኝቶ የሚተነፍስ ሰው ለመምሰል ሞከርኩ፤ ሞክሬም ተሳካልኝ።

በሩ ላይ የጠራሁሽ ይህን ልነግርሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

አሁን ሁሉንም ልንገርሽ። በዲሴምበር 27 ጠዋት ሽንቴ እንደ አኩሪ አተር ስጎ ጠቁሮ አየሁት። ሐኪሙ «ይህን ካየህ ደውል» ያለኝን አልረሳሁም። ስልኩ ራስጌዬ ነው። ግን ሣጥኖቹ በዋዜማው ሄደዋል። ያን ዕለት ጠዋት ዓሣ ሻጩ ሱቁን ጥሎ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ጎንበስ ብሎ «ፈጽመው በመዳንዎ ደስ ብሎናል» አለኝ። ሣጥን ልኬ፣ የማይፈታ ቋጠሮ አስሬ፣ በማግስቱ ታምሜያለሁ ብዬ በአምቡላንስ በዚያ መንገድ ልለፍ? ነገ ይጠራል አልኩ። በማግስቱ ሆስፒታሉ ለበዓል ሳይዘጋ ነርሷ ደወለች። «ሽንትዎ ንጹሕ ነው?» አለችኝ። «እንደ ምንጭ ውኃ» አልኳት። ሳቀች። ሪትሱኮን የመድኃኒቱ ቀለም ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት መብራት ሳላበራ መግባት ጀመርኩ፤ ካላየሁት የሌለ መስሎኝ።

ያንቺ ደብዳቤ የመጣው በዚህ መሀል ነው። «እውነት ነው? ፈጽመህ ድነሃል?» ብለሽ። የለም ብል ሣጥኑ ስድብ መሆኑ ሳያንስ ውሸትም ሊሆን ነው። ጥፍሬ ሥር ቢጫ ሆኖ እያየሁት «አዎ» ብዬ ጻፍኩልሽ።

ከወደቅሁ በኋላ ሐኪሙ ሪትሱኮ የሌሊት ልብሴን ልታመጣ ወጥታ ሳለ ብቻዬን አገኘኝ። «በመጀመሪያው ቀን መጥተህ ቢሆን ደም ሰጥተን፣ መድኃኒት ለውጠን እንሸኝህ ነበር» አለኝ። «የእህትህ ሕዋሳት ጥቂት ናቸው፤ ሲቆዩ ራሳቸው ይጠፋሉ። ኩላሊቱን የጎዳው ያን ሁሉ ቀን የተሰባበረ ደም ሲያልፍበት መክረሙ ነው።» ከእኔና ከእሱ ሌላ ይህን የሰማ ሰው አልነበረም። አንቺ ይህንኑ ጠየቅሽኝ፤ እኔ ሐኪሙ ምንም አላለም አልኩሽ። ጥፋቱን ለደምሽ ሰጥቼ ተኛሁ።

ኩላሊትሽ አሁን ከግማሽ በታች ትሠራለች። ማሽኑ ተነሥቶልኛል። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ሲጠየቅ ሐኪሙ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ዓመታት ሊሆን ይችላል፣ እስከ መኸርም ላይደርስ ይችላል።

ኩላሊትሽን ስቀበል አፍሬ ነበር። ያኛው እፍረት ደግ ነበር፣ ሰው ሊሸከመው ይችላል። የአሁኑን ግን የት እንደማደርገው አላውቅም። መስታወት ፊት ቆሜ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የደንበኛውን ፀጉር ብቻ እያየሁ መቁረጥ ተምሬያለሁ። «እርስዎ» እያልኩ ይህን ልጽፈው አልቻልኩም፤ ስለዚህ አንቺ አልኩሽ።

ለሪትሱኮ ገና አልነገርኳትም። በዚህ ሳምንት እነግራታለሁ።

ሹጂ


ሂሮሳኪ አጠገብ፣ ኤፕሪል 20

ሹጂ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን አንብቤ ወረወርኩት። ሁለተኛውን ሳልከፍት ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬው ከረመ፤ የከፈትኩት ሪትሱኮ መጥታ ከሄደች በኋላ ነው።

መምጣቷን ሳትነግርህ ነው አይደል የመጣችው? ለአንተ ያለችህ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ ነው። በረዶው እየቀለጠ ግቢው ጭቃ ሆኖ ሳለ ደጃፌ ላይ ቆማ አገኘኋት። ግቢ ብላት አልገባ አለች። እዚያው በሩ ላይ ተንበረከከች። «የማንም ጥፋት አይደለም ብዬ ያነሣሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ባይ ሆኜ። ይቅር የምልዎት ምን አጥፍተው ነው?» አለችኝ። ሁለት ሴቶች አንድ ተኝቻለሁ ባይ ወንድ ምክንያት ሆኗቸው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ቀሚሷን አጠብኩላት፣ የጌንሳኩን ሱሪ አለበስኳት፣ ሾርባ ጠጣን። ስለ አንተ ክፉ ክፉውን አወራን፤ ትንሽም ሳቅን። አደረችና ሄደች።

ተናድጄብሃለሁ። ይህን ስታነብም ተናድጄ ነው ያለሁት። ልጆች ሆነን ሰሃን ስትሰብር ሰባራውን ደብቀህ፣ እናታችን በእኔ ላይ ስትጮህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠህ መጽሐፍ የምታነብ ትመስል ነበር። የዚያን ጊዜ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ ሐኪም የሰጠህን ማስጠንቀቂያም አልረገጥክም።

ከአንተ የተሻልኩ እንዳይመስልህ ግን ይህንንም ልጻፍልህ። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ፍል ውኃው ሄጄ ለሴቶቹ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ሄጄም ነበር። ልብሴን አውልቄ ገባሁ፣ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ። «ደሜ አይደለም፣ ወንድሜ ዋሽቶ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልህ አለኝ። የራስን ደም መውቀስ ይቀላል ለካ፤ ቤተሰብን ማዋረድ ከዚያ ይብሳል። «ውኃው ዛሬ ሞቀ» ብዬ ወጣሁ። ኦ ነኝ፣ ግድ የለኝም ስል የኖርኩትን ሴትዮ ይሉኝታ እንዲህ አድርጎ ይዞኛል። ስለዚህ መንደሩ እስከ ዛሬ የሚያውቀኝ ደሟ ወንድሟን ሊገድል የነበረ ሴት አድርጎ ነው።

ጌንሳኩንም ደብዳቤህን አስነበብኩት። «ፈሪ ነው» አለና መጋዙን ይዞ ወደ ዛፎቹ ወጣ። ማታ እራት ላይ ሆኖ፣ ሳልጠይቀው፣ «እኔም ብሆን ሣጥኑ ከሄደ በኋላ አልደውልም ነበር» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ የተናደድኩበት ቀን የለም።

ይቅር ብዬህ እንደሆነ በሁለተኛው ደብዳቤህ ጠይቀሃል። አላልኩም። የመጣልኝ ቀን እጽፍልሃለሁ፤ ላይመጣም ይችላል።

እስከዚያው ግን ስማኝ። ኩላሊቴን ለአንተ ነው የሰጠሁት፤ ለመንገዳችሁ ሰው ዓይን አልሰጠሁም። ከእንግዲህ አንድ ነገር ከሆነ የዚያኑ ዕለት ለጌንሳኩ ደውልለት። ለእኔ ደግሞ ጻፍልኝ፤ በእጅህ ጽፈኸው ካላየሁ ከእንግዲህ አላምንህም። ሰላምታ አታብዛ፣ ይቅርታም አትጠይቅ። የሆነውን ብቻ ጻፍ።

ቶሺኤ


ቶዮሃሺ፣ ሜይ 11፣ ጠዋት

እትዬ፤

ፖስታ ለመፈለግ ጊዜ ስለሌለ በካርድ ነው የምጽፈው፤ ፖስተኛውም ያንብበው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እግሬ አብጧል። ሽንቴ በጣም ቀንሷል፣ ደፍርሷልም። ዛሬ ጠዋት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ትንፋሽ አጠረኝ። ሆስፒታል ደወልኩ፤ አሁኑኑ ና ብለውኛል። ኩላሊትሽ ላትተርፍ ትችላለች። ፈርቻለሁ። ለሪትሱኮ ነግሬያታለሁ፤ ለጋሽ ጌንሳኩም ደውያለሁ። ወንበሬ ላይ የነበረው ደንበኛ ፀጉሩ ገና በግማሹ ነው የተቆረጠው፤ ለእሱም ነገርኩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ቦርሳዬን ይዞልኝ ቆሟል።

በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። «ዛሬ ዝግ ነው» ብዬ ልተወው ነበር። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጨመርኩበት፦ «እህቴ የሰጠችኝ ኩላሊት ታሟል። በዓመቱ መጨረሻ ታምሜ ሳለ ድኛለሁ ብዬ ሁላችሁንም ዋሽቻለሁ፤ የተጎዳው በዚያ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእህቴ ደም ምንም አላጠፋም። ሹጂ።» ያንኑ በሌላ ካርድ ገልብጬ ከዚህኛው ጋር ለመንደርሽ ፍል ውኃ እልካለሁ፤ ከመግቢያው ላይ እንዲለጥፉት ለምኛቸዋለሁ።

የሩዝ ሻጩ ሚስት በሩ ላይ ቆማ እያነበበች ነው። ታክሲው መጥቷል።

ሹጂ